ስልካችሁ ባሕር ዛፉን ያውቃል፤ አደይ አበባን ግን?

መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ ወጣ በሉ። በሱሉልታ ሜዳ፣ በቡራዩ በገፈርሳ ግድብ ዙሪያ፣ ከሰበታ ሽቅብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ምድሩ ቢጫ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁ ደግሞ ቢጫ ብቻ አይደለም። ከሣሩ መሃል ሐምራዊ ማገጥ አለ፣ አጥር ጥግ ነጭ ቀጋ አለ፣ ስማቸውን የማታውቋቸው ሌሎች ብዙ አበቦችም አሉ። “ይሄ ምንድን ነው?” ማለታችሁ አይቀርም።

ድሮ ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለአያት፣ ለእረኛ ወይም ለገበሬ ነበር። አሁን ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የላቲን ስም ከነመቶኛው ብቅ ይላል። ነገሩ እውነትም ያስደንቃል። ግን ያ ስም ምን ያህል ይታመናል? በተለይ እዚህ፣ በእኛ ደጋ ላይ?

እስቲ ዛሬ እነዚህን መተግበሪያዎች እንደ አንድ መጽሐፍ ቆጥረን እንገምግማቸው። “አትጠቀሙባቸው” ልላችሁ አይደለም፤ እንዲያውም ስልካችሁ ላይ ጫኗቸው። የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፦ እነዚህ መሣሪያዎች ከውጭ የመጣውን ተክል ከአገሩ ተክል ይበልጥ ያውቃሉ። የሚደክሙት እኛ አብዝተን በምንፈልጋቸው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ደግሞ በአብዛኛው የፎቶ እጥረት ነው። እሱን እናንተ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።

ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?

በሰፊው ከሚታወቁት ሦስቱን እንውሰድ። ፕላንትኔት በፈረንሳይ የምርምር ተቋማት ትብብር እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፤ የስልክ መተግበሪያው የወጣው በ2013 ነው። አይናቹራሊስት በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ተጀመረ፤ ከ2017 ጀምሮ ፎቶ አይቶ ስም የሚጠቁም ሞዴል ጨምሯል። ጉግል ሌንስም በዚያው በ2017 ነው የተዋወቀው። አንደኛው የተክል ብቻ ነው፣ ሁለተኛው የማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከጫማ እስከ ሐውልት ሁሉንም ልለይ የሚል ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ መጀመሪያ የማሽኑን ክዳን ከፍቼ ማየት እወዳለሁ። የሦስቱም መሠረታዊ አሠራር ተመሳሳይ ነው። በሰው እጅ ስም የተሰጣቸው እጅግ ብዙ ፎቶዎች ለሞዴሉ ይቀርቡለታል። ሞዴሉ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ስም ይገምታል፣ ሲሳሳት በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ፣ ይህ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ አዲስ ፎቶ ስትሰጡት “ካየኋቸው ሁሉ ይሄኛውን ይመስላል” የሚል ሂሳብ ይሠራል። ስለ ሥር፣ ስለ ዘር፣ ስለ ዝናብ ወቅት አንዳች ነገር አይገባውም። የሚያውቀው ቀለም፣ ቅርጽና የሁለቱን አቀማመጥ ብቻ ነው።

አሁን ቁልፉ ጥያቄ ይመጣል፦ ያ መቶኛ ምን ማለት ነው?

መቶ ብር የተሰጠው አንድ አከፋፋይ አስቡ። “ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሰዎች አከፋፍል፤ ፎቶውን ይበልጥ ለሚመስለው ይበልጥ ስጥ” ተብሏል። አከፋፋዩ ሰማንያ ብር ለአንዱ፣ አሥራ አምስት ለሌላው፣ የቀረውን ለሌሎች ይሰጣል። እንግዲህ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ ባይኖርስ? ውጭ በረንዳ ላይ ቢሆንስ? መቶው ብር የግድ ክፍሉ ውስጥ ያልቃል፤ በረንዳ ላይ ያለው ሰው አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። ሰማንያ የወሰደው ሰውዬ ደግሞ ከሌሎቹ በተሻለ ስለሚመስል ብቻ “80 በመቶ” ተብሎ ስክሪናችሁ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ 80 በመቶ ማለት “80 በመቶ ትክክል ነው” ማለት አይደለም፤ “ከማውቃቸው መካከል ይሄ በጣም ይቀርባል” ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ለዚህ አንድ ምስጋና አለኝ፤ አይናቹራሊስት እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ ይህንኑ ይናገራል፣ ዝርያውን መለየት ሲያቅተውም ወገኑን ብቻ ይጠቁማል። “አላውቅም” ማለት የሚችል ማሽን ከማይችለው ይሻላል። ሰውም እንደዚሁ ነው፣ አይደል?

እንግዳውና የቤቱ ልጅ

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ እነማን እንዳሉ እንይ። በዓለም ላይ የተክል ፎቶ በብዛት የሚነሳው የት ነው? በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ። እዚያ የሚበቅለው ሁሉ በሺህ ፎቶ ይታወቃል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ዓለምን የዞሩ ተክሎች ይመጣሉ፤ የጓሮና የመንገድ ዳር ጌጦች፣ በየአህጉሩ የተዛመቱ አረሞች።

አሁን በቡራዩ መንገድ ስትሄዱ የምታዩትን አስቡ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጣ፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የአዲስ አበባን ዙሪያ ሞላው፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ ነው። ቡገንቪሊያም እንዲሁ። እምቦጭ ያ ሐምራዊ ውብ አበባ ያለው የውኃ አረም ነው፤ እሱም ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ላይ ታየ፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011 ተመዘገበ። ቅንጨ አረምም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ከሕንድ እስከ ብራዚል፣ ከኬንያ እስከ አውስትራሊያ ፎቶ የሚነሱ ናቸው። ስልካችሁ ፊታቸውን በደንብ ለምዶታል።

ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ተማሪ ኩሬ ዳር ያየውን እንግዳ አበባ ፎቶ አንስቶ “እምቦጭ ይመስላል” የሚል ፍንጭ ካገኘ፣ አረሙ ሳይስፋፋ ለሚመለከተው ሰው መናገር ይችላል። ለወራሪ አረም ቅኝት እነዚህ መተግበሪያዎች ዕንቁ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የቤቱ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው፤ ከእነሱ ወደ አሥር በመቶ የሚሆኑት በዓለም ላይ ሌላ የትም ቦታ አይበቅሉም። ይህን በፎቶ ቋንቋ ተርጉሙት፦ እዚህ ብቻ የሚበቅል ተክል ፎቶ ሊነሳ የሚችለው እዚህ ብቻ ነው። ለንደን ያለ ሰው በጓሮው አያገኘውም። እኛ ካላነሳነው ማንም አያነሳውም። የአይናቹራሊስት ሞዴል አንድን ዝርያ ለመማር መቶ ያህል ፎቶ ይፈልጋል። ለባሕር ዛፍ መቶ ፎቶ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሱሉልታ ረግረግ ላይ ለሦስት ሳምንት ብቻ ለሚያብብ ትንሽ ተክል ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ተክል ፎቶ ሲቀርብለት ማሽኑ ምን ያደርጋል? መቶውን ብር ለሚመስለው የአውሮፓ ዘመዱ ይሰጣል።

አንድ ስም፣ ብዙ አበባ

“ኧረ አደይ አበባን ለመለየት ማሽን ምን ያደርጋል? ሕፃን ያውቀዋል!” ልትሉ ትችላላችሁ። እንግዲያውስ አደይን እንፈትሽ።

በአማርኛ “አደይ አበባ” የምንለው፣ በሱሉልታና በሰበታ ገበሬ በአፋን ኦሮሞ “ኬሎ” የሚለው፣ አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ በርካታ ዝርያዎች ይህን ስም ይጋራሉ፤ ለምሳሌ ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማ እና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ። ይህን ወገን በጥልቀት ያጠኑት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው፤ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስለሚገኙት የቢደንስ ዝርያዎች የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሟል።

በዚያ ላይ አደይን የሚመስሉ ሌሎችም አሉ። ኑግ ቢጫ ያብባል። የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው መጭም በዚያው ወቅት ቢጫ ያብባል፤ ንብ አርቢዎች በደንብ ያውቁታል። ሁሉም በሱፍ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ደግሞ እኛ “አንድ አበባ” የምንለው ነገር በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ነጥብ የተሰበሰቡት ሁሉ እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። ከላይ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ፎቶ ካነሳችኋቸው ሦስቱም “ቢጫ ክብ ነገር” ናቸው።

ታዲያ በምን ይለያሉ? ጠጋ በሉና ሦስት ቦታ እዩ።

መጀመሪያ ቅጠሉን። የኑግና የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ትይዩ ይበቅላል፣ ያለ አንጓ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። የአደይ ዝርያዎች ቅጠል ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ተቆራረጠ ሆኖ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው።

ሁለተኛ የአበባውን ጀርባ። አዎ፣ ጀርባውን! አበባውን ገልብጣችሁ እዩት። በቢደንስ ላይ ሁለት ዓይነት ደርብ ታያላችሁ፤ የውጭው አረንጓዴና ቅጠል መሰል፣ የውስጡ ስስና ቀለም ያለው። የብዙ ሰው ፎቶ ይህን አያሳይም፤ አበባን ከኋላ ማን ፎቶ ያነሳል?

ሦስተኛ ዘሩን። የኑግን ዘር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለው። ቢደንስ ግን በላቲን “ሁለት ጥርስ” ማለት ነው። ከብዙዎቹ የዚህ ወገን ዘሮች ጫፍ ላይ ሁለት ሹል ነገር ይወጣል፤ ሱሪያችሁ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው። “ማክሮፕቴራ” ደግሞ “ትልቅ ክንፍ” ማለት ነው፤ ክንፉ ያለው ዘሩ ላይ ነው።

ነገሩን አስተዋላችሁት? ሳይንቲስቶቹ ስሙን ሲያወጡ የት እንደምትመለከቱ ነግረዋችኋል። ጥርሱም ክንፉም ዘሩ ላይ ነው። ፎቶ የምናነሳው ግን ቢጫውን ነው፣ ያውም ዘሩ ገና ሳይደርስ በመስከረም። ማሽኑ ቢሳሳት ታዲያ ምን ይገርማል? የጠየቅነውን ነገር የሚመልስ መረጃ ፎቶው ውስጥ የለም።

ግማሽ ፒክስል

“የእኔ ስልክ ካሜራ እኮ 12 ሜጋፒክስል ነው” የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው።

ፎቶው በወርድ 4,000 ፒክስል ነው እንበል። ሜዳውን፣ ሰማዩንና ጓደኛችሁን ጨምራችሁ ስላነሳችሁ አበባው የፎቶውን ወርድ አንድ ሃያኛ ብቻ ይዟል፤ ማለትም 200 ፒክስል። መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሞዴሉ ፎቶውን በሙሉ መጠኑ አያየውም፤ ሂሳቡ እንዳይከብድ መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቂት መቶ ፒክስል ያሳንሰዋል። ወደ 400 አሳነሰው እንበል። አሁን አበባችሁ 20 ፒክስል ሆነ። አበባው በእውን አራት ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ግማሽ ፒክስል ነው። የዘሩ ጥርስ፣ የቅጠሉ ጠጉር፣ የጀርባው ደርብ በሙሉ ጠፋ። የቀረው ቢጫ ነጥብ ነው። ማሽኑ ለቢጫ ነጥብ ስም ሰጣችሁ ማለት ነው።

መፍትሔው ውድ ስልክ አይደለም፤ ጠጋ ብሎ አበባው ፎቶውን እንዲሞላው ማድረግ ነው። ወይም ከመላካችሁ በፊት ዙሪያውን ቆርጣችሁ አበባውን ብቻ ማስቀረት።

አጥሩ ውስጥና አጥሩ ውጭ

ይህን ሁሉ በአንድ ተክል ላይ ላሳያችሁ። ከሰበታና ከሆለታ መስመር ላይ ጽጌረዳ አምርተው ወደ ውጭ የሚልኩ የአበባ እርሻዎች አሉ። በፕላስቲኩ ቤት ውስጥ ያለው ጽጌረዳ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ፎቶ ከተነሳላቸው አበቦች አንዱ ነው። ከእርሻው አጥር ውጭ፣ ቁጥቋጦ መሃል፣ ነጭ ባለ አምስት ቅጠል አበባ ያለው እሾሃም ተክል አለ፤ ቀጋ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ዝርያ እሱ ብቻ ነው። ፍሬውን እረኛ ሁሉ በልቶታል።

ቀጋን የሚመስሉ የዱር ጽጌረዳዎች በአውሮፓና በእስያ ብዙ ናቸው። ማሽኑ “ጽጌረዳ ነው” ቢል እመኑት፤ ወገኑን ለመሳት ይከብዳል። ዝርያውን ሲናገር ግን ቆም በሉ። ለምሳሌ በአውሮፓ አጥር ላይ በብዛት የሚታየው ሮዛ ካኒና የሚባለው ነው። ልዩነቱን ከፈለጋችሁ አበባው እምብርት ላይ አተኩሩ። በቀጋ ላይ ከመሃል የሚወጡት ቀጫጭን የሴቴ ዘንጎች ተጣብቀው እንደ አንድ አጭር ምሰሶ ሆነው ይቆማሉ፤ በሮዛ ካኒና ላይ ግን ያልተጣበቁ ናቸው። አንድ የቅርብ ፎቶ፣ አንድ ምልከታ፣ በቃ፣ ከሁለቱ አንዱ ወደቀ። ይህን ያደረገው ማሽኑ ሳይሆን የእናንተ ዓይን ነው።

ከ250 ዓመት በፊት የተሣለ “ፎቶ”

የእኛን ተክል በሥዕል ለመለየት ሲሞከር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ፤ የሣላቸው ዕፅዋት ግን ወደ አውሮፓ ሄዱ። አንዱ ኮሶ ነበር።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ለኮሶ “ባንክሲያ አቢሲኒካ” የሚል ስም ሰጠው። ግን “ባንክሲያ” የሚለው ስም አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክሎች ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በቀጣዩ ዓመት ጀርመናዊው ግሜሊን “ሀጌኒያ አቢሲኒካ” ብሎ ሰየመው፤ እስከ ዛሬ ስሙ ይሄው ነው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው፦ ስም ከሥዕሉ ውስጥ ዝም ብሎ አይወጣም። ከሌሎች ስሞች ጋር ይነጻጸራል፣ ይከራከሩበታል፣ ይታረማል።

ኮሶ ሌላም ያስተምረናል። ወንዴውና ሴቴው አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚበቅለው፤ የሴቴው ቀላ ያለና ከበድ ያለ፣ የወንዴው ፈዘዝ ያለ ነው። አንድ ዛፍ ብቻ ፎቶ ያነሳ ሰው ግማሹን ኮሶ ብቻ ነው ያየው። ወጨጫ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ኮሶ አለና ሄዳችሁ ሁለቱንም ፈልጉ።

መጽሐፉም ሂስ ይገባዋል

ማሽኑን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ከማሽኑ ማዶ ያለው “የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ” የሚባለው ታላቅ ሥራ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1989፣ የመጨረሻው በ2009 ታተመ፤ በጠቅላላው ስምንት ቅጽ ነው። ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰው እና መስፍን ታደሰ ከአዘጋጆቹ ይገኙበታል። የሱፍን ቤተሰብ የያዘው ክፍል በመስፍን ታደሰ ተጽፎ በ2004 ወጥቷል።

የፍሎራው አሠራር ከስልኩ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስልኩ ምንም ሳይጠይቅ ይመልሳል። ፍሎራው ግን ሳይመልስ በፊት ይጠይቃል፦ ቅጠሉ የተከፋፈለ ነው ወይስ ሙሉ? ዘሩ ክንፍ አለው ወይስ የለውም? በእያንዳንዱ መልስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ እየጠበበ ሄዶ አንድ ስም ላይ ያደርሳችኋል። ስትሳሳቱ የት ጋ እንደተሳሳታችሁ ተመልሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከስልኩ ጋር ግን ክርክር የለም፤ “ለምን?” ብትሉት ዝም ነው።

የፍሎራው ድክመት ደግሞ ለባለሙያ የተጻፈ መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ፣ ያውም በከባድ የሙያ ቃላት የተሞላ ነው። ቡራዩ ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቢያገኘው እንኳ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ቀለል ያሉት የሱ ኤድዋርድስ የ1976 መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ የዱር አበቦች፣ እና የአዘነ በቀለ ስለ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የጻፉት ናቸው፤ የኋለኛው የአገር ውስጥ ስሞችንም ይዟል።

እንደ መሐንዲስ የምመኘው መሣሪያ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ፎቶውን አይቶ “ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ይመስለኛል፤ እስቲ ጀርባውን አሳየኝ” የሚል። ፕላንትኔት ወደዚህ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ የቅጠል፣ የአበባ፣ የፍሬና የቅርፊት ፎቶ አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን አንድ የአበባ ፎቶ ብቻ ይሰጥና ይሄዳል። ያ የእኛ ድርሻ ነው።

ስም ካገኛችሁ በኋላስ?

አንድ ነገር በጥብቅ ልበላችሁ፦ በስልክ የተገኘ ስም ለመብላት፣ ለመጠጣት ወይም ቁስል ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ አይደለም። ስሙ ትክክል ቢሆን እንኳ! እንዶድን ተመልከቱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰው ልብስ በእንዶድ ከሚያጥብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የብልሃርዝያ ምርምራቸውን የጀመሩት። በኋላ ተመራማሪዎች በእንዶድ መካከል ልዩነት እንዳለ አዩ፤ “ዓይነት 44” የተባለው በብርታቱ ተመረጠ። ሁሉም ግን በስልክ ፊት ያው እንዶድ ናቸው። ኃይልና መርዝ በፎቶ አይታይም።

ታዲያ ስሙ ለምን ያስፈልጋል? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉ፣ በፍጥነት የሚሰፉ ከተሞች ናቸው። ቤት፣ ፋብሪካና መንገድ ወደ ሜዳው እየገባ ነው። ይህ ክፉ ነገር ነው አላልኩም፤ ሰው መኖሪያ ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ሜዳ ከመታረሱ ወይም ከመገንባቱ በፊት እዚያ ምን እንደነበረ ካልተመዘገበ፣ የጠፋውን እንኳ “ጠፋ” ማለት አይቻልም። በተሳሳተ ስም የተመዘገበ ደግሞ ካልተመዘገበው ይብሳል፤ የአገራችን ብቻ የሆነ ተክል በአውሮፓ ዘመዱ ስም ከተጻፈ፣ መዝገቡን የሚያየው ሰው “ይሄ እኮ በየቦታው ሞልቷል” ይላል። ያ የተሳሳተ ፎቶ ተመልሶ ማሽኑን ያስተምራል፤ ማሽኑ ደግሞ ለቀጣዩ ልጅ ያንኑ ስህተት ይነግረዋል።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት

1. ለአንድ ተክል አምስት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉ ተክሉን፣ አበባውን ከፊት፣ አበባውን ከጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን፣ ከተገኘ ፍሬውን ወይም ዘሩን። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ።

2. ማሽኑን ፈትኑት። ያንኑ ተክል በአራት የተለያየ አቅጣጫ አንስታችሁ ለየብቻ ጠይቁት። አራቴም አንድ ስም ካለ ጥሩ ፍንጭ ነው። ስሙ እየተለዋወጠ ከሄደ ግን ማሽኑ እየገመተ ነው።

3. የሰጣችሁ ዝርያ የየት አገር እንደሆነ እዩ። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በቅሎ የማያውቅ ከሆነ ወይ አዲስ መጤ ነው፣ ወይ ማሽኑ ተሳስቷል። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

4. እርግጠኛ ባልሆናችሁ ጊዜ ከፍ ያለውን ስም ያዙ። “የቢደንስ ወገን” ብሎ መጻፍ ውርደት አይደለም፤ ትክክለኛ ሳይንስ ነው።

5. የአካባቢውን ሰው ጠይቁና በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚጠራበትን ስም መዝግቡ። ቀኑንና ቦታውንም አትርሱ። እረኛው ተክሉን በክረምትም በበጋም አይቶታል፤ ስልካችሁ ግን አንድ ቅጽበት ብቻ ነው ያየው።

6. በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። በመስከረም አበባውን ያያችሁትን ተክል በኅዳር ዘሩን እዩት። ሁለቱን ፎቶ አንድ ላይ አስቀምጡ።

7. ለማነጻጸር ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ጎራ በሉ፤ በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ በ705 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ ሲሆን፣ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ከነተሰበሰቡበት ቦታና ቀን እዚያ ይቀመጣሉ።

እነዚህን ካደረጋችሁ ፎቷችሁ የማሽኑን ክፍል በር ይከፍታል። ዛሬ በረንዳ ላይ የቆመው የሱሉልታ አበባ ነገ ወንበር ያገኛል፣ ከመቶው ብር ድርሻው ይደርሰዋል። የሚቀጥለው መስከረም ሩቅ አይደለም። አደይ ስታዩ አንዴ ገልብጣችሁ እዩት።